ስምንተኛዋ ነጭ ክር፦ የሸማኔው የአቶ አሥራት ወንዳፍራሽ የሕይወት ታሪክ (1899 – 1966 ዓ.ም.)

አቶ አሥራት ወንዳፍራሽ፣ ከቡልጋ መጥተው ሱሉልታ ከሰፈሩት ከሸማኔው ከአቶ ወንዳፍራሽ ደምሴ እና የሱሉልታ ተወላጅ ከሆኑት ከወይዘሮ ደጊቱ ገርባ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1899 ዓ.ም. ሱሉልታ ተወለዱ። ቀኑ በመጽሐፍ አልሰፈረም። እናታቸው ውርጭ ባቄላውን በመታው ማግስት ነው ይሉ ነበር፤ አባታቸው ደግሞ የለም፣ ለአንድ ባላገር ቡሉኮ ያስረከብኩ ዕለት ነው ባይ ነበሩ። ባልና ሚስቱ በዚህ ሲከራከሩ ኖረው፣ በስተርጅናቸው አንድ ቄስ ቀኑን ቆጥረው ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ቀን መሆኑን አሳይተው አስታረቋቸው።

ልጅነታቸው በሁለት ቋንቋ አለፈ። ከአባታቸው ጋር በአማርኛ፣ ከእናታቸው ጋር በኦሮምኛ እያወሩ አድገው፣ በአጥቢያቸው ደብር ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። ድምፃቸው ሸካራ ነበርና ለዜማ አልታጩም። ከአሥራ ሦስት ዓመታቸው ጀምሮ ሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን ሰድደው መወርወሪያ መወርወር ያዙ። በዚያ ዘመን ሸማው ይከበራል እንጂ ሸማኔው አይከበርም። ቡሉኳቸውን ተከናንቦ ያደረ ሰው በማግስቱ መንገድ ላይ ሲያገኛቸው “ቁጢት በጣሽ” ብሎ ይሰድባቸው ነበር። አቶ አሥራት ይህን ሲያነሡ ሳቅ ይሉና፣ ሰውየው ሲሰድበኝም የለበሰው የእኔኑ ሸማ ነበር ይሉን ነበር።

አባታቸው ካስተማሯቸው ብዙ ሕግ ለዚህ ታሪክ የሚያስፈልገው አንዱ ነው። በአቶ ወንዳፍራሽ ቤት፣ ለሞተ ሰው መግነዝ ከተቆረጠበት ድር ላይ በሕይወት ላለ ሰው ሸማ አይሠራም። የተረፈው ድር ከሸማ መሥሪያው ዕቃ ላይ ተፈትቶ ከሟቹ ጋር ይቀበራል። ሌላው ሸማኔ እንዲህ ያድርግ አያድርግ አናውቅም፤ አቶ ወንዳፍራሽ ግን ከአባታቸው የወረሱት ሥርዓት ነበር፤ መወርወሪያውን ለልጃቸው ሲያስረክቡም በዚህ አስምለዋቸዋል።

አቶ አሥራት በጥር ወር 1925 ዓ.ም. የቡራዩ ተወላጅ የሆኑትን ወይዘሮ ድንቅቱ ባጫን በሥርዓተ ተክሊል አገቡ። ወይዘሮ ድንቅቱ ፈታይ ነበሩ። ከእንዝርት ብዛት የቀኝ ትከሻቸው ከግራው ዝቅ ያለ ነበር፤ ፈትላቸው ግን ከጣት ላይ መኖሩ እስኪያጠራጥር ድረስ የቀጠነ ነው። ጥጥ የሚያመጡላቸው ነጋዴ አቶ አብዱሰመድ፣ “ይቺ ሴት ጥጡን አትፈትለውም፤ ትለምነዋለች እንጂ” ይሉ ነበር።

ስለ አቶ አሥራት አሠራር ጥቂት እንበል፤ ብዙ ሰው ሸማቸውን እንጂ ድካማቸውን አላየምና። ጥለት ሲያወጡ በወረቀት አይነድፉም። ሰፌድ ያስመጡና ምስርና ስንዴ ይደረድሩበታል። ምስሩ ቀለም ያለው ክር፣ ስንዴው ነጩ ነው። አንዲት ፍሬ አንሥተው ሌላ ለማስቀመጥ ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል። የሚደረድሩትም ያዩትን ነገር ነበር፤ የሱሉልታን ሜዳ ውርጭ ሲያለብሰው፣ የገፈርሳን ውኃ ነፋስ ሲነካው፣ ከሩቅ የሚታይ የባሕር ዛፍ ረድፍ። አንድ ጊዜ ሦስት ቀን የደከሙበትን ሰፌድ ዶሮ ገብታ ለቀመችው። ወይዘሮ ድንቅቱ ካላረድኳት ብለው ቢላዋ ቢያነሡ፣ አቶ አሥራት ሰፌዱን ትክ ብለው አይተው፣ “ተያት፤ የበዛውን ነው ያነሣችልኝ፤ አሁን አምሯል” አሉ። ዶሮዋ ያስቀረችውን እንዳለ ሠሩት። ያ ጥለት “የዶሮዋ” እየተባለ ብዙ ዓመት ተለብሷል።

ጥለቱ ከሰፌድ ወደ ድር ሲሻገር ቁጥር ይጠይቃል። ስንት ክር እንደሚነሣ፣ ስንት እንደሚታለፍ የሚቆጥሩት ወይዘሮ ድንቅቱ ነበሩ። ከጉድጓዱ ዳር ተቀምጠው እንዝርታቸውን እያሾሩ፣ በኦሮምኛ “ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ” እያሉ ይቆጥራሉ፤ አቶ አሥራት በቁጥሩ ልክ ክሩን አንሥተው ይወረውራሉ። የባልና ሚስቱ ወሬ አብዛኛው ይኸው ነበር። በደጅ የሚያልፍ ጎረቤት የቤቱን ሰላም በዚህ ያውቃል፤ ቁጥሩ ከፈጠነ ተኳርፈዋል፤ ቀስ ካለ ተስማምተዋል።

በጠላት ወረራ ዘመን ሁለት ልጆች ወልደው ሁለቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባቸው። ከነፃነት በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. ከሱሉልታ ተነሥተው ሰበታ ገቡ። አንድ ክፍል መኖሪያ፣ አንድ ክፍል መሥሪያ ያላት ቤት ሠርተው፣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሰበታ ላይ ሠርግ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእነርሱን በር ሆነ።

በ1938 ዓ.ም. ጾሙ ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ የሰበታው ባለርስት ግራዝማች ይርዳው ልጃቸውን ስንዱን ሊድሩ ጥጥ ላኩ። ለሙሽራዋ ጥለት ያለው ነጠላ፣ ለሙሽራዋ እናት ጥለት የሌለው ነጭ ኩታ፣ ሁለቱም ከአንድ ድር እንዲወጡ ታዘዘ። ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል። ወይዘሮ ድንቅቱ የመውለጃቸው ወር ተቃርቦ ነበር፤ ይሁንና ለሌላ ሴት አላካፍልም ብለው ድሩንም ማጉንም ራሳቸው ፈተሉት።

መጋቢት 26 ቀን ነጩ ኩታ ተሠርቶ አልቆ፣ ገና ከዕቃው ሳይቆረጥ፣ በዚያው ድር ላይ የሙሽራዋ ጥለት ተጀመረ። ወይዘሮ ድንቅቱ እንደ ወትሯቸው ይቆጥራሉ። ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን፣ ጀአ፣ ቶርባ። ሰባት ላይ ዝም አሉ። አቶ አሥራት ከክሩ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ “ቀጥይ እንጂ፣ ምን ሆነሻል?” አሏቸው። ቀና ቢሉ ባለቤታቸው ምሰሶውን ይዘው ቆመዋል፤ እንዝርቱ ወድቆ ይሽከረከራል።

አዋላጆቹ ወንድ አላስገቡም። ምጡ ሁለት ቀን ፈጅቶ፣ መጋቢት 28 ቀን ሴት ልጅ ተወለደች፤ ወይዘሮ ድንቅቱ በዚያው ዕለት ዐረፉ። ከሦስቱ ልጆች የቀረችው እርሷ ናትና ተረፈች ተባለች። አቶ አሥራት ለሚስታቸው የተናገሩት የመጨረሻ ቃል “ቀጥይ እንጂ” ሆኖ ቀረ። ዕድሜ ልካቸውን ሲያስታውሱት ፊታቸውን በእጃቸው ይሸፍኑ ነበር።

በሣጥን ውስጥ ሌላ ነጭ ሸማ ነበር። አቶ አሥራት ግን ድንቅቱ የሌላ ሴት ፈትል ለብሳ አትሄድም አሉ። የተጀመረውን ጥለት ከነድሩ ትተው፣ ለሙሽራዋ እናት የታሰበውን ነጭ ኩታ ከዕቃው ላይ ቆርጠው ለመግነዝ ሰጡ። የገነዟቸው የአቶ አሥራት ታላቅ እኅት ወይዘሮ ማሪቱ ናቸው። ወይዘሮ ማሪቱ ያባታቸውን ሕግ አልረሱም። “አሥራት፣ የቀረውን ድር ፍታና አምጣልኝ፤ አብሯት ይግባ” አሏቸው። አቶ አሥራት እሺ ብለው ወደ መሥሪያው ክፍል ገቡ። በጨርቅ ጠቅልለው ያመጡትን ፈትልም ወይዘሮ ማሪቱ ከሟቿ እግር ሥር አኖሩት።

ያ ፈትል ከድሩ የተፈታው አልነበረም። ለጋቢ ተብሎ ከገበያ የተገዛ ወፍራም ፈትል ነበር።

ለምን እንዲህ አደረጉ? ሠርጉ ሦስት ሳምንት ነበር የቀረው፤ ያን የመሰለ ቀጭን ፈትል በሦስት ሳምንት ከየትም አይገኝም፤ የግራዝማች ቁጣም የሚናቅ አልነበረም። ለብዙ ዓመት ለራሳቸው የሚሰጡት ምክንያት ይኸው ነበር። እውነቱ ሌላ እንደነበረ በመጨረሻ ነግረውናል። የድንቅቱን የመጨረሻ ፈትል አፈር ማልበስ አቃታቸው። ድሩን ሊፈቱ እጃቸውን ሰደው፣ እጃቸው እንቢ አላቸው።

ከሠልስቱ በኋላ ወደ ጉድጓዱ ተመለሱ። ጥለቱ ሰባት ላይ እንደቆመ ጠበቃቸው። ስምንተኛዋን ክር ቀለም ሊያለብሷት ሞክረው አልሆነላቸውም፤ ነጭ እንደሆነች አልፈዋት ከዘጠነኛዋ ቀጠሉ፤ እስከ ነጠላው ጫፍም እንዲሁ እያደረጉ ዘለቁ። የሚቆጥርላቸው ሰው ስላልነበረ በኦሮምኛ ራሳቸው ቆጠሩ። ሰባት ላይ ሲደርሱ ግን ከጉድጓዱ ዳር ትንፋሽ ይሰማቸዋል፤ ሰው ሊናገር ሲል እንደሚስበው ያለ ትንፋሽ። መወርወሪያውን ይዘው ይጠብቃሉ። ቁጥሩ አይመጣም። ይህ ነገር አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ሆኖ የቀረ አይደለም፤ በሠሩበት ዘመን ሁሉ፣ ሰባት በቆጠሩ ቁጥር አብሯቸው ነበር።

ለግራዝማች ባለቤት ከሣጥን ያወጡትን ሌላውን ነጭ ኩታ ሰጡ፤ ማንም አላወቀም። በዳግማይ ትንሣኤ ሠርጉ ሆነ፤ አቶ አሥራትም ተጠርተው ከዳሱ ጥግ ተቀመጡ። ሙሽራዋ ነጠላውን ተከናንበው ብቅ ሲሉ ዳሱ በእልልታ ተናወጠ። ሙሽራዋ ፊታቸው ተሸፍኗል። አቶ አሥራት ያዩት ግን የቀኝ ትከሻዋን ዝቅ አድርጋ የምትራመደውን ድንቅቱን ነው። ጠጃቸውን ሳይቀምሱ አስቀምጠው ወጡ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ አንድ ፍርሃት ያዛቸው። በሙት ድር ያለበስኳት ልጅ በእኔ ጦስ ትሞታለች የሚል ፍርሃት ነው። መንገር ነበረባቸው፤ ይህንን ያውቁት ነበር። ቢነግሯቸው ግን ሙሽራዋ ነጠላውን አውልቀው ያቃጥሉታል፤ የድንቅቱም የመጨረሻ ፈትል ዐመድ ይሆናል። ባይነግሯቸው ደግሞ የሰው ልጅ ሳታውቅ የሞት ሸማ ለብሳ ትኖራለች። በዚህ መካከል ሃያ ስምንት ዓመት ቆሙ። የቀረው ታሪካቸው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ወይዘሮ ስንዱ የቡራዩውን አቶ ጃራ ቱሉን አግብተው ቡራዩ ገቡ። አቶ አሥራትም ምክንያት እየፈለጉ ቡራዩ የሚመላለሱ ሰው ሆኑ። ወይዘሮ ስንዱ አረገዙ ሲባል ይሰማሉ፤ ወር ይቆጥራሉ፤ ምጥ ያዛቸው ሲባል ከሰበታ በእግራቸው ሄደው ከአጥሩ ውጭ ይቆማሉ። እልልታ ሲሰሙ ተመልሰው ይመጣሉ። የአቶ ጃራ ቤተ ዘመድ ይህን እያየ፣ የሰበታው ሸማኔ ደግ ሰው ነው ይል ነበር። አንዳንዱም ወሬኛ ሌላ ነገር አስቧል፤ አሁን አፉን ይዝጋ።

በዚህ መካከል ስማቸው እየገነነ ሄደ። ሰባት ቀለም፣ አንድ ነጭ እየሆነ የሚወርደው ጥለት “የአሥራት ጥለት” ተባለ። ከአዲስ አበባ እመቤቶች በመኪና እየመጡ ያሠሩ ጀመር። ሌሎች ሸማኔዎችም ነጯን ክር ለጌጥ መስሏቸው ቀዱ። አንድ ጊዜ መርካቶ፣ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ የማያውቁት ሰው የሠራው ነጠላ ተሰቅሎ፣ በጥለቱ ላይ ስምንተኛዋ ነጭ ሆና አይተው ቆመው ቀሩ። ባለሱቁ ታግሶ ታግሶ፣ “አባት፣ የማይገዙ ከሆነ ብርሃኑን አይከልሉብኝ” አላቸው። የሚስታቸው ዝምታ በማያውቋቸው ሰዎች ትከሻ ላይ አገር ለአገር ሲዞር ማየት ምን እንደሚመስል እኛ መገመት አንችልም።

በ1943 ዓ.ም. ኩፍኝ ገብቶ የወይዘሮ ስንዱን የሦስት ዓመት ወንድ ልጅ ወሰደባቸው። አቶ አሥራት ለቅሶ ሄደው ከአባትየው አብልጠው አለቀሱ። ቤታቸው ሲመለሱ አካፋ አንሥተው የሸማ መሥሪያውን ጉድጓድ በአፈር ሞሉት። መወርወሪያውን ጣራ ሥር ሰክተው የሰው እርሻ ላይ በቀን ሥራ ተቀጠሩ። ለነፍስ አባታቸው ያን ጊዜ ሁሉንም ተናዘዙ። የነፍስ አባታቸውም፣ “ልጁን የገደለው ኩፍኝ ነው። ሸማ ሰው አይገድልም። አንተን የያዘህ ሸማው ሳይሆን ዝምታህ ነውና ሂድ፣ ንገራት” አሏቸው። ንስሐቸው ይህ ነበር፤ ጾምም ስግደትም አልጨመሩባቸውም። ጾምና ስግደቱ በቀለላቸው ነበር።

ጉድጓዱ ሦስት ዓመት ተደፍኖ ቆየ። ወይዘሮ ድንቅቱ የተዉት ባዘቶ የሞላበት ቅርጫት ግን ከግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነበር፤ ማንም አይነካውም። በ1946 ዓ.ም. አቶ አሥራት ከቀን ሥራ ሲመለሱ ከቤት ውስጥ የእንዝርት ድምፅ ይሰማቸው ጀመር፤ ሲገቡ ዝም ይላል። ቅርጫቱን ቢያዩት ባዘቶው ጎድሏል። ለማንም አልተናገሩም፤ ሟቿ መጥተው የሚፈትሉ መሰላቸው። እንዲያውም ሲገቡ እንዳያስደነግጧቸው ከሩቅ መሳል ጀመሩ። አንድ ቀን ሥራ ቀርቶ ሳይታሰቡ በእኩለ ቀን ሲገቡ፣ የስምንት ዓመቷ ተረፈች የእናቷን እንዝርት ይዛ ተቀምጣለች። ልጅቱ ደንግጣ እንዝርቱን ከኋላዋ ደበቀች። አቶ አሥራት ከልጃቸው ጎን ቁጭ ብለው፣ “እስቲ አሳዪኝ” አሏት። ፈትሉን በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ በማግስቱ አካፋቸውን አንሥተው ጉድጓዱን እንደገና ቆፈሩት። ተረፈች ከጉድጓዱ ዳር እየፈተለች አደገች። መቁጠር ግን አባቷ አላስቆጠሯትም፤ ያ ቦታ ተይዟል ይሉ ነበር።

በ1952 ዓ.ም. አዲስ አበባ በተደረገ የእጅ ሥራ ትርዒት ላይ ሜዳልያ ተሸለሙ። ሸላሚው ይህን ጥለት እንዴት አገኙት ብለው ሲጠይቋቸው፣ “ቁጥር ጠፍቶብኝ ነው” አሉ። ሰው ሁሉ ለትሕትና ቆጥሮት አጨበጨበ። ሜዳልያው ከተረፈች ቤት አለ፤ የልጅ ልጆቻቸው ሲጫወቱበት አንዱ ጎኑ ተቆልምሟል።

የነፍስ አባታቸውን ቃል ለመፈጸም ሦስት ጊዜ ቡራዩ ሄደዋል። በመጀመሪያው ወይዘሮ ስንዱ አራስ ሆነው አገኟቸው፤ አራስ ማስደንገጥ ነውር ነው ብለው ተመለሱ። በሁለተኛው ወይዘሮ ስንዱ ገና ከደጅ ሲያዩዋቸው፣ “እሰይ ጋሽ አሥራት፣ እግዜር ነው ያመጣልኝ” ብለው ያንኑ ነጠላ ከሣጥን አወጡ፤ ጫፉ ተተርትሯል። ያን ጊዜ ስድስተኛ ልጃቸውን ክርስትና ሊያስነሡ ሁለት ቀን ቀርቷቸው ነበር። አቶ አሥራት ነጠላውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ የተተረተረውን በመርፌ እየለቀሙ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ከወይዘሮ ስንዱ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ምሳ በሉ፤ ተመረቁ፤ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ተመለሱ። በሦስተኛው ከገፈርሳ ውኃ አላለፉም።

ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ ዓይናቸው እየደከመ ሄዶ ሥራ አቆሙ። የመጨረሻ ዓመታቸውን ፀሐይ እየሞቁ፣ ባዶ ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው በጣታቸው ጥለት ሲደረድሩ አሳለፉ። በጥር 1966 ዓ.ም. የጀመራቸው ሳል ከአልጋ ጣላቸው። ሐኪም ደረታቸው የጥጥ ብናኝ እንደያዘው ነገራቸው። ያን ጊዜ ለልጃቸው፣ “ተረፈች፣ ስንዱን ጥሪልኝ፤ ይህንን ይዤ እናትሽ ፊት አልቆምም” አሏት።

ወይዘሮ ስንዱ ግንቦት 9 ቀን መጡ። አቶ አሥራት ተረፈችና እኅታቸው ወይዘሮ ማሪቱ ባሉበት፣ ከ“ቀጥይ እንጂ” ጀምረው ሁሉንም ተናገሩ። ወይዘሮ ማሪቱ ከድንቅቱ እግር ሥር ያኖሩት የገበያ ፈትል መሆኑን ሲሰሙ፣ “አንተ ሰው፣ በእኔ እጅ ሬሳ አታለልክ?” ብለው ተነሥተው ወጡ። ወይዘሮ ስንዱ ግን እስከ መጨረሻው ሰሙ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ “ልጄ ሲሞት እንደዚያ ያለቀሱት ለዚህ ነበር?” አሏቸው። አቶ አሥራት “አዎ ልጄ” አሉ። ወይዘሮ ስንዱ የቀረበላቸውን ውኃ ሳይነኩ፣ ደኅና ዋሉም ሳይሉ ሄዱ።

ቀጥሎ የመጡት ቀናት ከባድ ነበሩ። ወይዘሮ ማሪቱ በማግስቱ ተመልሰው ከራስጌያቸው ተቀመጡ፤ እኅት ናቸውና ቁጣቸው አላደረም። ከቡራዩ ግን ድምፅ ጠፋ። በር በተንኳኳ ቁጥር አቶ አሥራት “እሷ ናት?” ይላሉ። አይደለችም። አቃጥላዋለች አሉ በሦስተኛው ቀን፤ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳ አዞሩ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቁም።

ግንቦት 13 ቀን ረፋዱ ላይ ወይዘሮ ስንዱ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዘው ገቡ። የተናገሩትን እንዳለ እንጽፈዋለን፤ እንድንጽፈውም ፈቅደውልናል።

“ጋሽ አሥራት፣ አልዋሽዎትም፤ ተቃጥዬ ነው የሄድኩት። ልጄን የበላብኝ ይህ ነው ብዬ እሳት ዳር አቀረብኩት። ኋላ ዘርግቼ አየሁት። ሰባቱንም ልጆቼን ክርስትና ያስነሣሁት በዚህ ነው። አንዱን አፈር በላው፤ ስድስቱ ቆመው ይሄዳሉ። ይህን ሁሉ ዓመት አንቱ ሲፈሩት ኖሩ፤ እኔን ግን ሞቆኛል። ለራሴ መግነዝ ብዬ ነበር ያስቀመጥኩት። አሁን ግን የሚስትዎ ፈትል ነው፤ ይውሰዱት።”

ቋጠሮውን ፈተው ነጠላውን አልጋው ላይ ዘረጉት። አቶ አሥራት ዓይናቸው አያይም ነበርና ጥለቱን በጣታቸው ፈለጉት። መጀመሪያ ዳሩን፣ ከዚያ ክሮቹን አንድ በአንድ ነኩ። ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን፣ ጀአ፣ ቶርባ። እንደ ልማዳቸው ሰባት ላይ ቆሙ፤ ጣታቸው ነጯ ክር ላይ ነው። ቤቱ ውስጥ ሦስት ሴቶች ነበሩ፤ ከሦስቱ አንዳቸውም አልተነፈሱም። አቶ አሥራት አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ከአልጋው ዳር ሰው የሚያዳምጡ መሰሉ። ከዚያም ከሌላ ሰው የሰሙትን እንደሚደግም ሰው “ሰዴት” አሉ። ስምንት ማለታቸው ነው። ከዚያ ሰገል፣ ኩዸን እያሉ፣ ሳይቆሙ፣ ጥለቱ እስኪያልቅ ቆጠሩ።

በማግስቱ፣ ግንቦት 14 ቀን 1966 ዓ.ም. ጧት፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብለው፣ በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ይህ ታሪክ በቀብራቸው ላይ ምንም ሳይቀር እንዲነበብ የተናዘዙት ራሳቸው ናቸው፤ ሃያ ስምንት ዓመት የፈራሁትን ሰው ሁሉ ይስማው ብለዋል። ወይዘሮ ስንዱም ይነበብ ብለዋል፤ አሁንም በመካከላችን ተቀምጠዋል።

አቶ አሥራት ከአንድ ሴት ልጃቸው ከወይዘሮ ተረፈች አሥራት ሦስት የልጅ ልጆች አይተዋል። በሐዘን የቀሩት ልጃቸው ወይዘሮ ተረፈች፣ አማቻቸው አቶ ዳዲ ቱፋ፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ ታላቅ እኅታቸው ወይዘሮ ማሪቱ ወንዳፍራሽ፣ እንዲሁም በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ ያለን ዘመዶቻቸው ነን። በክረምትና በበጋ እየተመላለሳችሁ ለጠየቃችኋቸው፣ ዛሬም ለቀብራቸው ለመጣችሁ ሁሉ ምስጋናችን ከልብ ነው።

ትናንት ወይዘሮ ማሪቱ ወንድማቸውን በዚያ ነጠላ ገነዟቸው። ከድሩ በቁራጭ የቀረውን ክር ሁሉ አቶ አሥራት በአንድ የመቃ ቀሰም ላይ ጠቅልለው በሣጥን ደብቀውት ኖረዋል፤ እርሱም አልቀረም፤ በሕጉ መሠረት ከእግራቸው ሥር ሆኗል። ዛሬ በሰበታ ቅድስት ማርያም፣ ከወይዘሮ ድንቅቱ ጎን ሲወርዱ፣ በመጋቢት 1938 ዓ.ም. ከአንድ ድር የተቆረጡት ሁለቱ ሸማዎች አንድ አፈር ውስጥ ይገናኛሉ።

የራስ ፀጉራችንን እንኳ የቆጠረ አምላክ የአቶ አሥራትን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ይቁጠርልን፤ የዘገየውን ቃላቸውን በጊዜው እንደተነገረ አድርጎ ይቀበላቸው። የወይዘሮ ድንቅቱን ነፍስ ያሳርፍ፤ ለወይዘሮ ስንዱ ስድስቱን ልጆች ያቁምላቸው፤ ለእኛም ሳይመሽ መናገርን ይስጠን። አሜን።